ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

አማርኛችን ስለ በር ሲናገር ጠንቃቃ ነው። በር የሚለው የሚታለፍበትን ክፍት ቦታ ነው፤ ያንን ክፍት ቦታ የሚደፍነውን ሳንቃ ግን መዝጊያ ይለዋል። ሳንቃው የሚከፈተውና የሚዘጋው እኩል ጊዜ ሆኖ ሳለ ስሙን ያገኘው ከመዝጋቱ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሌባንና ጅብን፣ ብርድንና ነፋስን ስለሆነ ይህ አይገርምም። ቤት ግን በቆመበት የሚውል ነገር ነው። ቤቱ ራሱ ተነሥቶ መሮጥ ሲጀምር የመዝጊያው ነገር ይለወጣል። የሚሮጥ ቤት መዝጊያ ሰው እንዳይወድቅ መዘጋት አለበት፤ ሰው እንዳይቃጠል ደግሞ መከፈት አለበት። ሁለቱን ግዴታዎች በአንድ ሳንቃ ላይ የጫነው ባቡር ነው። የባቡር በር ታሪክም አንደኛውን ሞት ባሰበ ቁጥር ሁለተኛውን ሲረሳ የኖረ ታሪክ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በምረቃው ቀን ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 በእንግሊዝ አገር ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የተዘረጋው የባቡር መንገድ ሲከፈት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የዌሊንግተን መስፍን ለክብሩ በተዘጋጀ ሠረገላ ተሳፍሮ ነበር። ከተጋባዦቹ መካከል የሊቨርፑል የፓርላማ ተወካይ ዊልያም ሃስኪሰን ይገኝበታል። ሃስኪሰን ከሁለት ዓመት በፊት ከመስፍኑ ካቢኔ ለቆ ስለነበር ሁለቱ ሰዎች ተቀያይመው ነበር። ባቡሩ ውኃ ሊቀዳ ፓርክሳይድ በተባለ ቦታ ሲቆም፣ አትውረዱ ተብለው ሳለ ብዙዎቹ እንግዶች እግራቸውን ሊያፍታቱ ወደ ሐዲዱ ወረዱ። ሃስኪሰንም ወርዶ ወደ መስፍኑ ሠረገላ ተጠጋ፤ ተጨባበጡ። ቂሙ ሊሽር ነው በተባለበት ቅጽበት በጎን ባለው ሐዲድ ላይ «ሮኬት» የተባለችው ባቡር ስትገሠግሥ ታየች። ሰው ሁሉ ሸሸ። ሃስኪሰን ግን ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ የመስፍኑን ሠረገላ መዝጊያ ሙጥኝ አለ። መዝጊያው በማጠፊያው ላይ ዞረና ሰውየውን እንዳንጠለጠለ ወስዶ በሮኬት መንገድ ላይ አቀረበው። እግሩ ተጨፍልቆ በዚያው ምሽት ሞተ። ዓለም ሁሉ ያወራለት የመጀመሪያው የባቡር አደጋ፣ እንግዲህ፣ በአንድ በኩል ሲታይ የመዝጊያ አደጋ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለጊዜው ግልጽ መሰለ፤ መንገደኛ በገዛ ፈቃዱ መውረድ የለበትም። በተከታዮቹ ዓመታት ከበቀሉት የባቡር ኩባንያዎች ብዙዎቹ መንገደኛን ያዩት እንደ ሕፃን ወይም እንደ ሰካራም ነበር። የዚያ ዘመን ሠረገላ በጠባብ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል መተላለፊያ የለውም፤ እያንዳንዱ ክፍል በግራም በቀኝም የየራሱ መዝጊያ አለው። የጣቢያው ሠራተኛ ሰዎቹን አስገብቶ ከውጭ ይቆልፋል። በሚወርዱበት ጣቢያ ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ይከፍታል። በመካከል ያለው ጉዞ በእኛ አነጋገር የቁም እስር ነው።

ሜይ 8 ቀን 1842 እሑድ ነበር። በንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ የክብር በዓል ምክንያት ብዙ የፓሪስ ሕዝብ የቬርሳይን ፏፏቴዎች ሊያይ ወጥቶ ነበርና ማምሻውን የሚመለሰው ባቡር ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከሚጎትቱት ሁለት ባቡሮች የፊተኛው ሞዶን አጠገብ ሲደርስ የመንኮራኩሩ ዘንግ ተሰበረ። የኋለኛው በላዩ ወጣ፤ የእንጨት ሠረገላዎቹም አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው የእሳት ምድጃው ላይ ወደቁ። መዝጊያዎቹ ተቆልፈው ነበር። ቁልፉን የያዙት ሰዎች በዚያ ነበልባል ውስጥ የትኛውን በር ከየትኛው ይለዩ? ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ የሚያደርጉም አሉ፤ ብዙዎቹ ማንነታቸው እስከማይታወቅ ድረስ ነድደው ነበርና።

ከሟቾቹ አንዱ አድሚራል ዡል ዱሞን ዱርቪል ነበር። ይህ ሰው ዓለምን በመርከብ የዞረ፣ ዛሬ በሉቭር ቤተ መዘክር ያለችው የሚሎዋ ቬነስ ወደ ፈረንሳይ እንድትመጣ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች አንዱ፣ በ1840 ደግሞ በደቡብ ዋልታ በረዶ መካከል ሰንጥቆ ገብቶ ያገኘውን ምድር በሚስቱ በአዴል ስም የሰየመ ነው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በሰላም የተመለሰ መርከበኛ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ከፓሪስ ደጃፍ ላይ በተቆለፈ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቃጠለ። ሬሳውን የለየው በጉዞው አብሮት የነበረና የራሱን ቅል ቅርጽ ቀደም ሲል የወሰደ ባለሙያ ነው። ፈረንሳዮች ከዚያ በኋላ መንገደኛን ቆልፎ መጓዝን ተዉ።

እንግሊዝ አገር ግን ታላቁ የምዕራብ ባቡር ኩባንያ መቆለፉን አልተወም ነበር። የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ካህን ሲድኒ ስሚዝ ብዕሩን ያነሣው በዚህ ጊዜ ነው። በቀልዱ የታወቀው ይህ ሽማግሌ ቄስ በዚያው በ1842 ለጋዜጣ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ያቀረበው ክርክር ዛሬም ቢነበብ አያረጅም። አንድ ሞኝ ከሚሮጥ ባቡር እንዳይዘል ተብሎ መቶ ብልህ ሰው ተቆልፎ ይቃጠል ዘንድ ይገባልን? ነው ነገሩ። ኩባንያዎቹ የሚነቁት ምናልባት አንድ ጳጳስ የተቃጠለ እንደሆነ ነው እያለም ያፌዛል። ጳጳስ ሳይቃጠል ኩባንያው በግማሽ ተረታ፤ ከሁለቱ መዝጊያዎች በመድረኩ በኩል ያለው ሳይቆለፍ እንዲሄድ ተስማማ። ይህ ግማሽ መረታት የሚያስገርም ብልሃት ነበረበት። አንደኛው ወገን ክፍት፣ ሌላኛው ዝግ፤ አንደኛው ለእሳት፣ ሌላኛው ለጎን ባቡር። የሃስኪሰንና የዱርቪል ሞት በአንድ ክፍል ግራና ቀኝ ተቀመጡ ማለት ነው።

ደንብ በወረቀት ላይ አንድ ነገር ነው፤ በየኩባንያው ሠራተኛ እጅ ያለው ቁልፍ ግን ሌላ። ይህንን የሚያሳየን ከማንም ይልቅ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ቅርብ የሆነ ሰው ነው።

ጁን 9 ቀን 1865 ቻርልስ ዲከንስ ከፈረንሳይ ሲመለስ ከፎክስተን ወደ ለንደን የሚሄደውን ፈጣን ባቡር ይዞ ነበር። ያ ባቡር የሚነሣበት ሰዓት መርከቡን በሚያመጣው የባሕር ሞገድ መውጣትና መውረድ ልክ በየቀኑ ይለዋወጣል። ስቴፕልኸርስት አጠገብ በአነስተኛ ድልድይ ላይ ሐዲድ የሚጠግኑት ሠራተኞች አለቃ የሰዓት ሠሌዳውን አሳስቶ አነበበና ባቡሩ ገና ነው ብሎ ሁለት ሐዲድ አስነሣ። ባቡሩ ደረሰ። ብዙዎቹ ሠረገላዎች ከድልድዩ ወደ ረግረጉ ሲወድቁ የዲከንስ ሠረገላ ከኋላው ተይዞ በድልድዩ ጠርዝ ላይ ጋደል ብሎ ተንጠለጠለ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ 40 ያህል ቆሰሉ።

ዲከንስ ለወዳጁ ለቶማስ ሚተን በጻፈው ደብዳቤ የሆነውን ይተርካል። እርሱ በመስኮት ወጣ፤ በሠረገላው መርገጫ ላይ ቆሞ ሲያይ ከሥሩ ድልድይ የለም። በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት ሰዎች ከሥራቸው ባዶ መሆኑን ሳያውቁ በመስኮት ሊዘሉ ይታገላሉ። ሁለት የባቡሩ ዘቦች፣ አንደኛው ፊቱ የተቆረጠ፣ እንደ እብድ ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ። ዲከንስ ጠራቸው፤ ቁሙና እዩኝ፣ ታውቁኝ የለምን? አላቸው። አንደኛው አዎን፣ ሚስተር ዲከንስ፣ በሚገባ እናውቅዎታለን አለ። እንግዲያውስ ቁልፍህን ስጠኝ፣ አንድ ሠራተኛ ደግሞ ላክልኝና ይህን ሠረገላ እኔ ባዶ አደርገዋለሁ አለው። ቁልፉን ተቀበለ፤ ሳንቃ ተጋድሞ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ከዚያ በኋላ በኮፍያው ውኃ እየቀዳ በረግረጉ ውስጥ ለወደቁት ሲያድል ዋለ። ሊሄድ ሲል «የጋራ ወዳጃችን» ከተባለው ልቦለዱ የአንድ ክፍል ረቂቅ በሠረገላው ውስጥ መቅረቱን አስታውሶ ወደዚያው ወደተንጠለጠለው ሣጥን ተመልሶ ገባና አወጣው። የመጽሐፉ የመዝጊያ ቃልም ይህንኑ ያነሣል።

ሐያስያን ስለዚህ አደጋ ብዙ ጽፈዋል፤ የእጁ መንቀጥቀጥ፣ በባቡር መሳፈር መፍራቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስለ አንድ የባቡር ምልክት ጠባቂ የጻፈው የሙት መንፈስ ታሪክ፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያችው ቀን ጁን 9 ቀን 1870 መሞቱ። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ አጭር ምልልስ ነው። ዘቡ ቁልፉን የሰጠው ዲከንስ ስለሆነ ነው፤ ፊቱን የማያውቀው የእንግሊዝ ሰው አልነበረም። በዚያ ሠረገላ ውስጥ አንድ ስመ ጥር ሰው ባይኖርስ? ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ ደንብ ፊት ማንም ያልሆነ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? አንባቢ ይፍረድ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቶማስ ብሪግስ የተባለ የለንደን የባንክ ሠራተኛ በተዘጋ የባቡር ክፍል ውስጥ ተደብድቦ ተዘርፎ ወደ ሐዲዱ ተጥሎ ሞቶ ነበር፤ በእንግሊዝ ባቡር ውስጥ የተፈጸመ የመጀመሪያው ነፍስ ግድያ ነው። ጩኸቱን የሚሰማበት መንገድ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ በ1868 የወጣው ሕግ ሳይቆሙ ከ20 ማይል ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዙ ባቡሮች ሁሉ መንገደኛው ሠራተኞቹን የሚጠራበት ገመድ እንዲኖራቸው አዘዘ። ይህን ገመድ አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በመዝጊያ ላይ የሚቆለፈው ቁልፍ ሁልጊዜ ለሰው ደኅንነት ተብሎ እንዳልነበረ ደግሞ የአርማ ሐዘን ይመሰክራል። ጁን 12 ቀን 1889 በሰሜን አየርላንድ አርማ ከተማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ወላጆቻቸው ወደ ባሕር ዳርቻ ሊዝናኑ ተሳፈሩ። ትኬት ያልያዘ እንዳይገባ ተብሎ መዝጊያዎቹ ተቆለፉ። ባቡሩ ዳገቱ አቃተው፤ ሠራተኞቹ በሁለት ከፍለው ሊወስዱት የኋለኞቹን ሠረገላዎች ፈቱ፤ ድንጋይ ተደግፎላቸው የነበሩት እነዚያ ሠረገላዎች ቁልቁል መሮጥ ጀመሩ። ከኋላ ሌላ ባቡር ይመጣ ነበር። በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ያሉት ወላጆች ልጆቻቸውን በመስኮት ወረወሩ። 80 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸውም ልጆች ነበሩ። ፓርላማው በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ በሁሉም ሠረገላ ላይ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ግዴታ ሆነ፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚህ ሕግ የዳነውን ሰው ቈጥሮ የሚጨርሰው የለም። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። ይኸው ሕግ ስለ ቁልፉ ዝም ብሎ በአምስተኛው ክፍሉ ሳይከፍል የሚሳፈርን ሰው ይቀጣል። እንግሊዝ አገር ትኬት ሳይቈርጡ የሚገኙ ሰዎች ዛሬም የሚከሰሱት በአርማ ልጆች ደም በተጻፈው በዚህ ሕግ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንግሊዞች ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። መንገደኛው መዝጊያውን ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል፤ ባቡሩ ቢቆምም ባይቆምም። በየጣቢያው በተርታ እንደ ተኩስ ሲንጓጓ የሚሰማው የመዝጊያ ድምፅ የአንድ ሕዝብ የጉዞ ዜማ ሆኖ እስከ እኛ ዘመን ደረሰ። ነገሩ ነጻነት ነው፤ በነጻነቱ ግን ሰው ወደቀ። በ1976 በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር ሲመጣ እንኳ መዝጊያው ያው ነበር፤ እጀታውም በውጭ በኩል ብቻ ነው። የሚወርደው ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን አውጥቶ፣ ከውጭ ይከፍታል። መስኮት አውጥቶ እጅ የሚሰድ ሰው ራሱንም ሊሰድ እንደሚችል የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዘቡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚቀረቅርበት መሣሪያ ለፈጣኖቹ ባቡሮች ተገጠመላቸው፤ የአሮጌዎቹ የሚንጓጉ መዝጊያዎች ዘመን በዋናው መስመር በ2005 አበቃ። ያ ድምፅ የናፈቃቸው ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

በከተማ ውስጥ ግን መንገዱ ሌላ ነበር። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ቀድሞ በየሠረገላው ጫፍ የብረት ፍርግርግ የሚከፍትና የሚዘጋ በረኛ ይቆም ነበር። ከ1920 ጀምሮ በታመቀ አየር የሚንቀሳቀስ መዝጊያ መጣና አንድ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ የባቡሩን በር ሁሉ መዝጋት ቻለ። የበረኞቹ ደመወዝም ዳነ፤ ደኅንነትና ቁጠባ አንዳንዴ በአንድ በር ይገባሉ። ከዚህ መዝጊያ ጋር አብሮ ያደገው ብልሃት ቀላልና ውብ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ መቁጠሪያ ክር በየመዝጊያው እያለፈ ባቡሩን ዳር እስከ ዳር ያስተሳስራል። ሁሉም መዝጊያ ሲገጥም ክሩ ይሞላል፤ በሾፌሩ ፊት መብራት ይበራል፤ ሞተሩም ኃይል ያገኛል። አንድ መዝጊያ እንኳ ቢቀር ክሩ ተቆርጧልና ባቡሩ አልንቀሳቀስም ይላል። በ1830 ማንም ያላሰበው ይህ ነበር፤ በር ሲከፈት ባቡሩ ራሱ እንዲያውቅ።

አየሩ ግን ከየት ይመጣል? ማንስ ያዝዘዋል? የቁልፉ ጥያቄ በአዲስ ልብስ ተመለሰ፤ መልሱን የከፈሉት ጃፓኖች ናቸው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ኤፕሪል 24 ቀን 1951 በዮኮሃማ ሳኩራጊቾ ጣቢያ አጠገብ ሽቦ የሚጠግኑ ሠራተኞች በሥራቸው መካከል የላይኛውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አረገቡት። የገባው ባቡር ከሽቦው ጋር ተጠላለፈ፤ የፊተኛው ሠረገላ ጣሪያ በእሳት ተያያዘ። ሠረገላው በጦርነቱ ዘመን እጥረት የተሠራ ነው። መስታወት ብርቅ ስለነበረ መስኮቱ በሦስት ትናንሽ ክፍሎች ተሠርቶ መካከለኛው አይከፈትም፤ በተረፈው ክፍተት አዋቂ ሰው አያልፍም። መዝጊያዎቹ አልከፈት አሉ። አየሩን ለቅቆ መዝጊያውን በእጅ ለመግፋት የሚያስችል ቧንቧ በሠረገላው ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ምልክት አልተደረገበትም፤ መንገደኞቹም መኖሩን አያውቁም። 106 ሰዎች መዳኛቸው በእጃቸው ርቀት ውስጥ ሳለ ሞቱ። የቬርሳይ ሰዎች ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ነበረ፤ የሳኩራጊቾ ሰዎች ቁልፉ አብሯቸው ነበረ፤ የነገራቸው ግን የለም።

የጃፓን ብሔራዊ የባቡር ድርጅት አጥብቆ ተወቀሰና ያንን ቧንቧ በየሠረገላው ምልክት አድርጎ፣ አጠቃቀሙን ጽፎ ለሕዝብ አስታወቀ። ሕዝቡም ተማረ።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ ሜይ 3 ቀን 1962 ምሽት፣ በቶኪዮ ሚካዋሺማ ጣቢያ አጠገብ አንድ የጭነት ባቡር ቀይ መብራት አልፎ ከሐዲድ ወጣ፤ አንድ የሰው ባቡር መጥቶ ገጨው። እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ ከቆሰሉት በቀር የሞተ ሰው አልነበረም። መንገደኞቹ የሳኩራጊቾን ታሪክ ያውቃሉ። ቧንቧውን ጠመዘዙ፣ መዝጊያዎቹን ገፉ፣ በጨለማው ወደ ሐዲዱ ወረዱ። ቦታው ከፍ ያለ ግንብ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ማለት አይቻልም፤ በጎን ባለው ሐዲድ ላይ እየተራመዱ ወደ ጣቢያው አመሩ። ወደ ሰባት ደቂቃ ያህል አለፈ። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣውን ባቡር የሚያስቆም ምልክት አልተሰጠም። ባቡሩ መጣ፤ መጀመሪያ ሰዎቹን፣ ቀጥሎ የቆመውን ባቡር መታ። 160 ሰዎች ሞቱ።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቁሜ ብዙ ያሰብሁበት ጊዜ አለ። በ1951 የሞቱት ባለማወቃቸው ሞቱ፤ በ1962 የሞቱት በማወቃቸው። የመጀመሪያው አደጋ ትምህርት የሁለተኛው አደጋ ምክንያት ሆነ። ከዚህ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ምን ያደርጋል? ቧንቧውን አንስቶ ሕዝቡን መልሶ መቆለፍ ቀላሉ ነበር፤ የስሚዝ ዘመን ኩባንያዎች ያንን ያደርጉ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ጃፓኖች ግን ቧንቧውን አልነኩትም። የለወጡት ዙሪያውን ነው። አንድ ባቡር ሲቆም በጎን ያሉት ሐዲዶች ሁሉ ወዲያው እንዲዘጉ ለሠራተኞቹ የአደጋ ምልክት መስጫ ሰጡ፤ ቀይ መብራት የሚያልፍን ባቡር በራሱ የሚያቆም መሣሪያ እስከ 1966 ድረስ በመላው የድርጅቱ መስመር ዘረጉ። ለመንገደኛው የተሰጠው ቁልፍ አልተነጠቀም፤ ቁልፉን ይዞ የሚወጣበት ሜዳ ነው ሰው እንዳይገድል የተደረገው። በዚህ ሁለት መቶ ዓመት ክርክር ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብልህ ፍርድ አላውቅም።

ይህ ፍርድ ግን ድንበር ተሻግሮ ቶሎ አልደረሰም። ኖቬምበር 11 ቀን 2000 በኦስትሪያ ካፕሩን ተራራ ዋሻ ውስጥ የበረዶ ስፖርተኞችን ሽቅብ የሚስበው ባቡር ሲቃጠል መንገደኛው መዝጊያውን የሚከፍትበት ምንም መያዣ አልነበረውም። 155 ሰዎች ሞቱ። ከባቡሩ የተረፉት 12 ሰዎች የኋላውን መስኮት በበረዶ መንሸራተቻቸው ሰብረው ከጢሱ ሽሽት ቁልቁል የወረዱ ናቸው።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2003 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ዴጉ ከተማ አንድ ሰው በምድር ውስጥ ባቡር ላይ እሳት ለኮሰ። የተለኮሰው ባቡር ጣቢያ ላይ በሮቹ ተከፍተው ስለነበረ ብዙ ሰው ወጣበት። ጥፋት የሆነው በጎን የገባው ሁለተኛው ባቡር ነው። በሮቹ ጢሱ እንዳይገባ ተዘጉ፤ ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ፤ መንገደኞቹ ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ ተነገራቸው። በመጨረሻም ሾፌሩ ሲሸሽ ዋናውን ቁልፍ ነቅሎ ይዞ ሄደ፤ ቁልፉ ሲነቀል በሮቹ እንደተዘጉ ቀሩ። በሁለቱ ባቡሮችና በጣቢያው 192 ሰዎች ሞቱ። ከቬርሳይ እስከ ዴጉ 161 ዓመት ነው፤ ቁልፉ ግን አሁንም ተሸክሞት በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነበረ።

የመዝጊያው ሌላኛው ግዴታም ቢሆን አልተኛም። ዲሴምበር 27 ቀን 1995 በጃፓን ሚሺማ ጣቢያ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወደ ሺንካንሰን ፈጣን ባቡር ሊገባ ሲል ጣቱ በመዝጊያው ተያዘ። የሺንካንሰን መዝጊያ አየር እንዳያስገባ ተጭኖ የሚገጥም ነው፤ ጣት ቀጭን ናትና መዝጊያው ገጠምሁ አለ፤ መብራቱ በራ፤ ባቡሩ ተነሣ። ልጁ ተጎትቶ ሞተ። በ1964 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሺንካንሰን አደጋ ሕይወቱን ያጣ የመጀመሪያው መንገደኛ እርሱ ነው። ያ የመቁጠሪያ ክር የተሠራው በማይዋሽ መዝጊያ ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ የአንድ ጣት ውፍረት ግን ክሩን አልቈረጠውም። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ከመድረኩ ቀስ ብሎ በሚወጣበት ጊዜ መዝጊያው አጥብቆ እንዳይቀረቀር ተስተካከለ፤ የተያዘ ሰው ጎትቶ ይወጣ ዘንድ።

በዛሬው የአውሮፓ ደንብ እያንዳንዱ የመንገደኛ በር መንገደኛው ራሱ የሚደርስበት የአደጋ መክፈቻ አለው። ስሙ መዝጊያ ሳይሆን መክፈቻ መሆኑን ወድጄዋለሁ። መክፈቻው ባቡሩ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ይሠራል፤ በማንኛውም ፍጥነት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን እንዲጠይቅ ታዝዟል፤ ድንጋጤ አንዱን ሊያደርግ ይችላል፣ ሁለቱን በተከታታይ ለማድረግ ግን ማሰብ ያስፈልጋልና። ከመክፈቻው ሌላ የ1868ቱ ገመድ ልጅ የሆነ የጥሪ እጀታ አለ። ባቡሩ ገና ከመድረኩ እየተነሣ ሳለ ከተሳበ ባቡሩ ወዲያው ይቆማል፤ ከበሩ የተያዘ ሰው ይኖራል ተብሎ ይታሰባልና። ከመድረኩ ርቆ ሲሆን ግን፣ በዋሻ ወይም በድልድይ ላይ መቆም ከመሄድ የከፋ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥሪው አስቀድሞ ወደ ሾፌሩ ይደርሳል። ሾፌሩ ሰምቻለሁ ብሎ የተሻለ ቦታ እስኪደርስ ሊነዳ ይችላል። በ10 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ ተኝቶም ይሁን ሞቶ፣ ወይም ሸሽቶ፣ ባቡሩ ማንንም ሳይጠይቅ ፍሬን ይይዛል። ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ መክፈቻው በመንገደኛው እጅ ነው።